ሦስተኛው ላይ ብታቆሚስ?

ጥያቄ፦

"ሰላም የምክር ዓምድ። 23 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ እሠራለሁ፣ ቤታችን ሳቢያን ነው። ሐረር ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አዋሰችኝ። አንብቤ ከጨረስኩት በኋላ ነው የረጅም ተከታታይ አራተኛው መሆኑን ያወቅኩት። ከዚያ ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን ስልኬ ላይ ጭኜ አነበብኩ። ኒውዮርክ ውስጥ ጋኔን ስለሚያድኑ ሻዶውሀንተርስ ስለሚባሉ ልጆች ነው። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። አሁን አምስተኛው ላይ ነኝ፣ ግን ገጹ አልገፋ አለኝ፣ መተውም አልቻልኩም። የአክስቴ ልጅ ስድስቱንም ጨርሳለች። በድሮ ዘመን የሚሆን ሌላ ሦስት መጽሐፍ አለ፣ እሱን ነበር ማስቀደም የነበረብሽ ትለኛለች። በዚያ ላይ ወደፊት የሚመጣውን ሁሉ በቮይስ ትነግረኛለች። እናቴ የጁገል ልጅ ናት። ስልኬ ላይ የአንደኛውን ሽፋን አየች፣ ገላው ላይ ምልክት ያለበት ከወገብ በላይ ራቁቱን የሆነ ልጅ ነው፣ 'ይሄ የሸይጣን ኪታብ ነው' ብላ አኮረፈችኝ። ጓደኞቼ ደግሞ የልጆች መጽሐፍ ታነቢያለሽ እያሉ ይስቁብኛል። ልቀጥል ወይስ ልተው? ከቀጠልኩስ በየትኛው ቅደም ተከተል?"

ተከታታዩ የበላት፣ ከሳቢያን

መልስ፦

አቦ እህቴ፣ መልሱን መጨረሻ ላይ ደብቄ አላስጨንቅሽም። አምስተኛውን ዝጊው። ዛሬውኑ። ለዘላለም አላልኩም፣ ግን ዝጊው። ምክንያቱን አንቺው ደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋል።

መጀመሪያ ያነበብሽው አራተኛውን ነው አይደል? ስለዚህ አንደኛውን ስትጀምሪ ማን እንደሚተርፍ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ያ ዋናው ክፉ ሰውዬ ምን እንደሚገጥመው አብዛኛውን ቀድመሽ ታውቂ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሦስቱን መጽሐፍ እንቅልፍ አጥተሽ ነው የጨረስሻቸው። መጨረሻውን ማወቅ መጽሐፍ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ገና ሳትጀምሪያቸው ሞተውብሽ ነበር። እንደውም በ2011 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲየጎ ሁለት ተመራማሪዎች ይሄን ነገር ፈትነውታል። ለአንዳንዱ አንባቢ የአጭር ልቦለዱን መጨረሻ አስቀድመው ነገሩት፣ ለሌላው አልነገሩም። መጨረሻው የተነገረው ሰው ታሪኩን እንደውም በለጥ አድርጎ ወደደው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ አምስተኛውን ያከበደብሽ የአክስትሽ ልጅ ቮይስ አይደለም። ቮይሱ ያናድዳል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ያከበደብሽ ሌላ ነው፤ ታሪኩ አልቋል።

ካሳንድራ ክሌር ይሄን ተከታታይ ስትጀምር ያሰበችው ሦስት መጽሐፍ ነበር። "ሲቲ ኦፍ ቦንስ" በ2007፣ "ሲቲ ኦፍ አሽስ" በ2008፣ "ሲቲ ኦፍ ግላስ" በ2009 ወጡ። በዓመት አንድ አንድ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አንድ ታሪክ። የሦስተኛውን የመጨረሻ ምዕራፍ መለስ ብለሽ እዪው። ጦርነቱ አልቋል፣ ሰዉ አደባባይ ወጥቷል፣ ድግስ አለ፣ ርችት አለ፣ አንደኛው መጽሐፍ ላይ የተከፈተው ትልቁ ጥያቄ ተመልሷል። ደራሲ እንደዚህ አድርጎ ሲጨርስ "በቃ፣ በሰላም ሂዱ" እያለሽ ነው። አራተኛው የመጣው በ2011፣ አምስተኛው በ2012፣ ስድስተኛው በ2014 ነው። ይሄኛው ሌላ ዙር ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ከተማውም ያው ነው፣ ጥያቄው ግን አዲስ ነው፤ አንቺ ደግሞ የሁለተኛውን ዙር በር ከአንደኛው ቀድመሽ ነው የከፈትሽው። የሚገርመኝ እስካሁን አለመደናገርሽ ነው።

ተከታታይ መጽሐፍ ሲሸጥ መቀጠሉ ነውር የለውም። ደራሲዋ ሰዎቹን ትወዳቸዋለች፣ አሳታሚው ይፈልጋል፣ አንባቢው ይለምናል። ግን እነሱ ስለቀጠሉ አንቺም መቀጠል አለብሽ ማለት አይደለም። የዚህ ዓለም ዋና ዋናዎቹ መጻሕፍት ብቻ 15 ደርሰዋል፤ ስድስቱ የኒውዮርኮቹ፣ ሦስቱ የድሮ ዘመኖቹ፣ ከ2016 እስከ 2018 የወጡ ሦስት፣ ከ2020 እስከ 2023 የወጡ ሌላ ሦስት። አጫጭር ታሪኮቹን አልቆጠርኩም። መዝጊያ ይሆናል የተባለ ሌላ ሦስት ደግሞ ይመጣል ተብሏል። ታይዋን ሱቅ ውሎ፣ ማታ ለቤት ሠርቶ፣ መብራት ሲኖር ብቻ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ይሄን ሁሉ "መጨረስ አለብኝ" ብሎ ከያዘው ደስታው ይቀርና ዕዳ ይሆንበታል።

እኛ ቤት የጀመሩትን አለመጨረስ እንደ ስንፍና ነው የሚታየው፣ ያንን አውቃለሁ። ግን አምስተኛው መጽሐፍ መሶብ ላይ የተረፈ እንጀራ አይደለም፣ ብትተዪው አይሻግትም። ከዓመት በኋላ ሙዱ ሲመጣልሽ እዚያው ታገኚዋለሽ። ካልመጣም አይምጣ።

አሁን ቅደም ተከተሉ። የአክስትሽ ልጅ ግማሽ እውነት ይዛለች። የድሮ ዘመን ያለችው ተከታታይ "ክሎክወርክ ኤንጅል" (2010)፣ "ክሎክወርክ ፕሪንስ" (2011) እና "ክሎክወርክ ፕሪንሰስ" (2013) ናቸው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1878 ለንደን ነው። ቴሳ የምትባል ልጅ ወንድሟን ፍለጋ ከኒውዮርክ በመርከብ ተሻግራ ትመጣለች፣ ከዚያ የጋዝ መብራት ባለበት ጭጋጋማ ከተማ ውስጥ በብረትና በጥርሳም ጎማ የተሠሩ ሰው የሚመስሉ ነገሮች ያሳድዷታል። በዘመን ካየሽው ከኒውዮርኮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ግን የተጻፈው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ካለቁ በኋላ ነው። ኒውዮርኮቹን ቀድሞ ያነበበ ሰው ነው የበለጠ የሚያጣጥመው። አንድ የቤተሰብ ስም ሲጠራ "ውይ፣ የእነ እገሌ ቅድመ አያት!" ትያለሽ። እሱን ብታስቀድሚ ኖሮ ያ ሁሉ ባዶ ስም ሆኖ ያልፍሽ ነበር። ስለዚህ "ማስቀደም ነበረብሽ" የሚለው ስህተት ነው።

እውነቱ ግማሽ ግን ይሄ ነው፤ ስድስተኛውን ከመክፈትሽ በፊት ሦስቱን የለንደን መጻሕፍት ማንበብ አለብሽ። ስድስተኛው ላይ አንድ ሰው አለ፣ ለንደንን ላላነበበ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፍ፣ ለንደንን ላነበበ ሰው ግን እንባ የሚያመጣ። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እኔም እንደ የአክስትሽ ልጅ ልሆን ነው።

ሌላ ጊዜ ሌላ ተከታታይ ስትጀምሪም በወጡበት ዓመት ሂጂ። በታሪኩ ዘመን የሚያስቀድሙ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ የሚያነቡት ናቸው፣ ለእነሱ ይመቻቸዋል።

የኔ ምክር እንግዲህ እንዲህ ነው። አምስተኛውን ከያዝሽበት ገጽ ላይ ተይው። ማንበብ ከፈለግሽ ለንደን ግቢ። ለኔ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ሦስቱ የለንደን መጻሕፍት በብዙ ይበልጣሉ፤ ታሪኩ ጠበቅ ያለ ነው፣ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚዋደዱበት መንገድ ያሳምናል፣ ሦስተኛው ሲያልቅ ደግሞ በእውነት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ኒውዮርክ ከናፈቀሽ አምስትና ስድስትን ጨርሺ። ካልናፈቀሽ የቀሩትን ስምንቱንም ተያቸው።

ስልክ ላይ ስለሚጫነው ነገር ሁለት ቃል ልበል፣ አራተኛውን አንደኛ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ቻናል ላይ የሚዘዋወረው ፒዲኤፍ ስሙን ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። "ቡክ 1" ተብሎ ሦስተኛው ይወጣል። አድናቂ የጻፈው ታሪክ በደራሲዋ ስም ይለጠፋል። መሀል ላይ አንድ ምዕራፍ የጎደለውም አለ፣ ሰዉ ግን "ደራሲዋ ዘለለችው" ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት የፊተኞቹን ገጾች ዝም ብለሽ አትለፊ። ከርዕሱ ገጽ በፊት ወይም በኋላ የደራሲዋ መጻሕፍት ተዘርዝረው ታገኛለሽ፣ ብዙ ጊዜ በየተከታታዩ ተከፍለው። ቀጥሎ በጣም ደቃቅ ፊደል ያለበት የመብት ገጽ አለ፣ ዓመቱ እዚያ ላይ ነው። ያ ዓመት ከላይ ከነገርኩሽ ጋር ካልገጠመ ወይም ገጹ ራሱ ከሌለ ፋይሉን ተጠራጠሪው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ፋይል ደራሲዋ አምስት ሳንቲም አታገኝም። የውጭ ካርድ የሌለው ሰው ኦንላይን መግዛት እንደሚቸገር አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቆሜ አልሰብክሽም። ግን ሦስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ ያገለገለ ማስገዛት፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሽቶ ከማስመጣት መጽሐፍ ማስመጣት ይቻላል። የታተመው መጽሐፍ ባትሪ አይጨርስም። ድሬ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ፀሐይዋ እስክትበርድ ሲጠብቅ፣ ፋኑ ሲቆምና ስልክሽ እጅሽ ላይ ሲግል፣ ያኔ ወረቀት ምን ያህል እንደሚመች ትረጂኛለሽ።

የጓደኞችሽን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አዎ፣ እነዚህ መጻሕፍት በመደርደሪያ ስማቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላለ አንባቢ ነው የሚባለው። ግን በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ የገበያ ጥናት ከእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ገዢዎች 55 በመቶው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹም ለልጅ ሳይሆን ለራሳቸው ነው የገዙት። ጓደኞችሽ ራሳቸው የቱርክ ድራማ 140ኛ ክፍል ላይ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይቅርታ፣ አልቻልኩም።

እናትሽ ግን በአጭሩ የሚታለፉ አይደሉም።

መጀመሪያ፣ "ልብወለድ እኮ ነው" ብለሽ አትከራከሪያቸው። አይሠራም፣ ደግሞም ቀላል ያደርጋቸዋል። ለእናትሽ ጅን ልብወለድ አይደለም። ሃይማኖታቸው ውስጥ አለ፣ ያደጉበት ሰፈር ውስጥ አለ፣ ማታ ውሃ ሲደፉ ቢስሚላህ የሚሉት በምክንያት ነው። አንቺ ለመዝናኛ የምታነቢው ነገር ለእሳቸው በር የሚያንኳኳ ነገር ነው። በዚያ ላይ ያዩት ሽፋኑን ነው፣ ሽፋኑን ደግሞ እኔም ለእናቴ አላሳይም። ልጁ ሸሚዝ ቢለብስ ታሪኩ ምን ይጎድለው ነበር?

ያለውን እንዳለ ንገሪያቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ጋኔን የሚመለክ አይደለም፣ የሚታደን ነው። አዳኞቹ ልጆች የመልአክ ደም አለባቸው ነው የሚባለው፣ ገላቸው ላይ ያለው ምልክትም ለውጊያ ኃይል እንዲሰጣቸው የሚሣል ነው። የፍቅር ጣጣም አለበት፣ መሳሳም አለበት፣ እሱን አትካጂ። አንደኛው መጨረሻ ላይ የሚጀምረውን፣ ሁለተኛው ሙሉውን የሚያስጨንቀውን ያንን ጉዳይ ግን ባትዘረዝሪላቸው ይሻላል፣ ያነበበ ያውቀዋል። እሱን ሰምተው ሌላ አንድ ወር ያኮርፉሻል።

ከዚያ ደግሞ ጠይቂያቸው። ይሄን የምልሽ ለማባበያ አይደለም። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሙሉ ጣዕሙ ያለው አስማቱ በሩቅ መንግሥት ሳይሆን የምታውቂው ከተማ ውስጥ መሆኑ ላይ ነው። ታክሲ አለ፣ የመንገድ መብራት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ከዚያ ግድግዳው ጀርባ ሌላ ነገር አለ። ሪክ ሪዮርዳን በ2005 በጀመረው የፐርሲ ጃክሰን ተከታታይ የግሪክ አማልክት የሚኖሩት ኒውዮርክ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ላይ ነው፣ 600ኛ ፎቅ። ሕንፃው ያለው 102 ፎቅ ነው። ደስ የሚለው እሱ ነው፤ አሳንሰሩ ውስጥ የምትገቢበት ሕንፃ እውነተኛ ነው፣ ፎቁ ግን የለም። ያ ተከታታይም በ2009 አምስተኛው ላይ በደንብ ተዘግቷል፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን ያልፈለገ ሰው አምስቱን አንብቦ ጠግቦ ይነሳል።

አሁን ጁገልን አስቢው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ አምስት የድሮ በሮች፣ አንዱ በር ደግሞ ስሙ ቡዳ በር ነው፣ ማንም ፈጥሮ አልጻፈውም። ከግንቡ ሥር ጅብ ማታ ማታ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ገብቶ ጠባብ ጎዳናዎቹን እየዞረ ቆሻሻ ይበላል፣ ሰዉ በሩ ላይ ቢያገኘው ዞር ብሎ ያሳልፈዋል። ቱሪስቱ የሚያየው ከግንቡ ውጪ ሥጋ ሲጎርስ ነው። የከተማው ሰው ግን ሌላ ነገር ይነግርሻል፤ ጅቡ ሲገባ ጅን እየለቀመ ይወጣል፣ ስለዚህ ከተማው ውስጥ ጅብ መግባቱ ይጠቅማል ይባላል። በአሹራ ደግሞ ለጅቦቹ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርባል፣ እንዴት እንደበሉ ታይቶ የዓመቱ ሁኔታ ይገመታል። አንዷ የጁገል እናት ማታ ልጇን "ከቤት አትውጪ" ስትል ይሄን ሁሉ አውቃ ነው የምትለው። ኒውዮርክ ላይ ለዚህ አንድ ሰው ስድስት መጽሐፍ መፍጠር ነበረበት።

ድሬም ቢሆን ባዶ አይደለችም። ከዚራ ማታ ዛፎቹ ሥር ስትሄጂ፣ ድሮ የጅቡቲ ባቡር የሚገባበት ጣቢያ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ስታዪው፣ ከሱ የተሻለ መጀመሪያ ምዕራፍ የለም። የደቻቱን ወንዝ አስቢ፤ ቀኑን ሰዉ አሸዋው ላይ ይሄድበታል፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ከላይ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ማታ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ቆይ፣ ጻፊ እያልኩሽ አይደለም፣ ያንን ምክር ሁሉም ሰው ለሁሉም አንባቢ ይሰጠዋል። እናትሽን ጠይቂ ነው ያልኩት። እሳቸው ልጅ ሆነው በየትኛው በር በኩል ነበር ጅቡ የሚገባው? ማን ነበር የሚፈራው? አንድ ቡና ሳይፈላ ኩርፊያው ይረሳል። ሸይጣን ስላለበት መጽሐፍ ሊቆጡ የተቀመጡ ሰው ስለ ጅን እኩለ ሌሊት ድረስ ሊያወሩልሽ ይችላሉ፣ ሲያወሩም ማንም እንዲያቋርጣቸው አይፈልጉም።

የቀረን የቮይሷ ልጅ ናት። ከእሷ ጋር ከመጣላትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፤ የምትነግርሽ ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከስክሪን? ይሄ ታሪክ በ2013 ፊልም ሆኖ ነበር፣ አልሸጠም፣ ሁለተኛው ሳይሠራ ቀረ። ከ2016 እስከ 2019 ደግሞ በቴሌቪዥን ሦስት ምዕራፍ ሄዷል። ቴሌቪዥኑ መጽሐፉን ብዙ ቦታ ለውጦታል፣ የልጆቹን ዕድሜ ሳይቀር ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ግማሹ "ስፖይል" ያንቺ መጽሐፍ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ከመጽሐፉ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ንገሪያት፤ "ያላነበብኩትን አትንገሪኝ፣ ያነበብኩትን ግን ስደውልልሽ እስክንደክም እናውራው"። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ሐረር ላይ ብቻዋን ስድስት መጽሐፍ ጨርሳ የሚያወራት ሰው አጥታ ነው። መጽሐፉን ያዋሰችሽም ለዚሁ ነው። ሁልጊዜ ከፊትሽ ስለሆነች ነው የምትነግርሽ። ስለዚህ ማንኛችሁም ያላነበባችሁትን ተከታታይ በአንድ ቀን ጀምሩ፣ ማታ ማታ እኩል ምዕራፍ ላይ ቁሙ። ያኔ ቮይሱ ሲመጣ የምትቸኩይው አንቺ ትሆኛለሽ።

የቱን ካላችሁኝ እኔ የምመርጥላችሁ የንኔዲ ኦኮራፎርን "አካታ ዊች" ነው። 2011 ነው የወጣው፣ ሁለተኛው በ2017፣ ሦስተኛው በ2022 ወጣ፣ ሦስት ነው። ሰኒ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ኒውዮርክ ተወልዳ ናይጄሪያ፣ አባ የሚባል ከተማ ውስጥ የምትኖር፣ አልቢኖ ስለሆነች ፀሐይ ላይ ኳስ መጫወት የማትችል። በአስማተኞቹ ዓለም ገንዘብ የሚገኘው በመማር ነው፤ አዲስ ነገር በገባሽ ቁጥር "ቺቲም" የሚባል ብረት ከሰማይ እግርሽ ሥር ዱብ ይላል። ከባድ ነገር ከገባሽ ብዙ ይወድቃል። አዋቂዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ሀብታም ሰው ማለት እዚያ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሱቁ ሄደሽ ስትከፍዪ የምትከፍዪው የተማርሽውን ነው። ተከታታዩ ውስጥ ያሉት የንሲቢዲ ምልክቶች ደግሞ ፈጠራ አይደሉም፣ ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ በእውነት የነበረ ጽሕፈት ነው። ገበያው፣ ሙቀቱ፣ የመብራት መጥፋቱ፣ እናት በር ላይ ቆማ "የት ነበርሽ" የምትለው፣ ለድሬ ልጅ ምንም አይርቅም። ለእናትሽም ሽፋኑን ማሳየት ትችያለሽ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በናይጄሪያና በእንግሊዝ እትም ርዕሱ ሌላ ነው፣ "ዋት ሰኒ ሶው ኢን ዘ ፍሌምስ" ተብሎ ነው የወጣው። ሁለተኛውም "ሰኒ ኤንድ ዘ ሚስትሪስ ኦፍ ኦሲሲ" ይባላል። አንቺ ድሬ ላይ አንዱን፣ እሷ ሐረር ላይ ሌላውን አግኝታችሁ "አንደኛና ሁለተኛ አገኘን" ብላችሁ እንዳትከፍሉ፣ ያው አንድ መጽሐፍ ነው። ከማዋጣታችሁ በፊት የመብት ገጹን በፎቶ ተላላኩ።